«ሲስተም የለም» ሲባል ስልኩን የሚያነሳው ሰው

ከውጭ ሀገር ለዕረፍት ሀዋሳ የገባ ሰው ሳምንት ሳይሞላው አንድ አባባል ይሰማል፦ «ሲስተም የለም»። ባንክ መስኮት ላይ፣ ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ ሆቴል ሒሳብ ሊዘጋ ሲል። ባለጉዳዩ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ ኮምፒውተሮቹን ወደሚከታተልላቸው የአይቲ ድርጅት ትደውላለች። ይህ ትዝብት ስለዚያ ስልክ ነው። ማን ያነሳዋል? ምን ብሎ ይመልሳል? ያነሳው ሰውስ አንድ ቀን ድርጅቱን ሊመራ ይችላል?

ሲስተም ውጭም ይወድቃል። አሜሪካ ውስጥ ለጥርስ ሐኪሞች፣ ለጠበቆችና ለትንንሽ ሱቆች የኮምፒውተር አገልግሎት የሚሰጡ ከ10 እስከ 50 ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሞልተዋል። ከነሱ መካከል ኮድ ጽፎ በማያውቅ ሰው የሚመራ አይታጣም። አንዷ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች፣ ሌላው ትኬት ቢሮ ይሠራ ነበር፣ ሌላዋ ከነርስነት የመጣች ናት። መጀመሪያ ስልክ አንሺ ሆነው ይቀጠራሉ፣ ቀጥሎ ሥራውን ለቴክኒሻኖች ማከፋፈል ይይዛሉ፣ ከዚያ የአገልግሎት ኃላፊ፣ በመጨረሻም ሥራ አስኪያጅ ይሆናሉ። መንገዱ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ የሚገርመው ሰው ግን የለም።

ይህ አካሄድ የቅርብ ጊዜ አይደለም። ስቴፋኒ ሸርሊ እ.ኤ.አ. በ1939 በአምስት ዓመታቸው፣ ከናዚ ለማትረፍ በባቡር ወደ እንግሊዝ ከተላኩት ሕፃናት አንዷ ነበሩ። በ1962 በ6 ፓውንድ የሶፍትዌር ድርጅት አቋቋሙ። የቀጠሯቸው ልጅ ወልደው ከሥራ የወጡ ሴት ፕሮግራመሮችን ነበር፤ ቤታቸው ተቀምጠው ኮዱን በእርሳስና በወረቀት ይጽፉ ነበር። «ስቴፋኒ» ተብሎ የተፈረመ ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «ስቲቭ» ብለው መፈረም ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ፤ የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መቅጃ ፕሮግራም ከነሱ እጅ ወጥቷል። ሸርሊ ራሳቸው ሒሳብም ኮድም ያውቁ ነበር። ድርጅቱን ያቆመው ግን ሰው እንዴት ቢሠራ እንደሚመቸው ማየታቸው ነው። ስላክ የተባለውን የመልእክት መለዋወጫ ከመሠረቱት አንዱ የሆነውና ለዓመታት የመራው ስቱዋርት በተርፊልድም ዩኒቨርሲቲ የተማረው ፍልስፍና ነው።

ሀዋሳ ላይ ይህን በር የሚዘጋው አንድ የማስታወቂያ መስመር ነው፦ «በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ»። የግል ድርጅቶች ይህን ከመንግሥት ማስታወቂያ እንዳለ ይቀዱታል፤ ለቴክኒሻን ትክክል ነው፣ ለአገልግሎት ኃላፊ ግን አይደለም። ኃላፊነት ሲከፈት ደግሞ ጎበዙ ቴክኒሻን ይሾማል። ያን ቀን ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ሰርቨር (የሁሉንም መረጃ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር) የሚያነሳለትን እጅ ያጣል፣ በምትኩ ስልክ ሲጮህ የሚበሳጭ አለቃ ያገኛል።

ሀዋሳ ግን የሆቴል ከተማ ናት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከሩጫው ዓለም መጥቶ ሐይቁ ዳር ሪዞርት ሲከፍት የሆቴል ዲግሪ አምጣ ያለው አልነበረም። በከተማዋ ሪሴፕሽን ላይ ስምንት ዓመት የቆመ ሰው፣ የአይቲ ድርጅት ለሠራተኞቹ በሥልጠና ሊሰጥ የሚለፋበትን ነገር በልምድ ይዞታል። በየቀኑ ሦስት ሺፍት አለ፤ ከጠዋቱ 1 እስከ 9 ሰዓት፣ ከ9 እስከ ምሽቱ 5፣ ከ5 እስከ ንጋቱ 1። በየርክክቡ ሎግ ቡክ ይከፈታል። «204 ቁጥር ሙቅ ውሃ የለውም፣ ለጥገና 7 ሰዓት ላይ ተነግሯል፣ እንግዳው 12 ሰዓት ሲመለስ ይጠይቃል» ተብሎ ይጻፋል፣ ተረካቢው ይፈርማል። ብዙ የአይቲ ድርጅት የሚወድቀው እዚች ርክክብ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ራውተሩን ግማሽ አስተካክሎ ይወጣል፣ ምን እንደነካ አይጽፍም፣ የማታ ተረኛው ከዜሮ ይጀምራል።

ስልኩ ላይ የሚመዘገበው አምስት ነገር ነው፦ ማን ደወለ፣ የትኛው ክፍል፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ስንት ሰው ሥራ ፈታ፣ ከመቋረጡ በፊት ምን ተቀየረ። አምስተኛውን የሚዘነጋው ብዙ ነው፤ መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ጠረጴዛ ተዛውሯል፣ ቀለም ቀቢ ገመድ ነቅሏል፣ ፓስወርድ ተቀይሯል። አራተኛው ቅደም ተከተሉን ይወስናል። ቅዳሜ ሠርግ ባለበት ሪዞርት የእንግዳ መመዝገቢያው ከቆመ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፤ የአንድ ሰው ፕሪንተር እስከ ሰኞ ይቆያል። ምላሹም ይለያል። «እያየነው ነው» ማለት ለደዋይዋ ምንም አይነግራትም። «9 ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ፤ ባይፈታም እደውላለሁ» የተባለች ሠራተኛ ግን ለእንግዳዋ የምትለው ታገኛለች። ይህን በየ30 ደቂቃው ማድረግ የቴክኒሻኑ ሥራ አይደለም፤ እሱ ኬብሉ ላይ ይሁን።

ታዲያ ከሆቴል የመጣችው ኃላፊ ቴክኒኩን ምን ያህል ትወቅ? የሚነገራትን መመዘን እስክትችል ድረስ ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። ደንበኛው መብራት ሲሄድ ሲስተሙ ስንት ሰዓት ይቆያል ብሎ ጠየቀ። ሰርቨሩ 300 ዋት፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙት ስዊቹና ራውተሩ 50 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 350 ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በላይ በተደጋጋሚ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 600 እንያዝ። የባትሪውን ኃይል ወደ መደበኛ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር 15 በመቶ ያህሉን ይበላል፤ 510 ቀረ። ለ350 ሲካፈል አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቴክኒሻኑ «አራት ሰዓት ይይዛል» ካለ ይህን ወረቀት አውጥታ ታሳየዋለች። ለባክአፕም፣ ማለትም ለመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ እንዲሁ፦ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። «ባክአፕ አለን» የሚለው አያረካትም፤ በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል ከባክአፑ ወጥቶ ሲከፈት ማየት አለባት። ለኢንተርኔት መስመርም፣ ሳፋሪኮም ከገባበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ መስመር መያዝ ስለሚቻል፣ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው በእርግጥ ይተካ እንደሆነ አስነቅላ ትፈትናለች።

ለመደበኛ ትምህርት አይቲል (ITIL) የተባለው የአይቲ አገልግሎት አመራር ሥርዓት መሠረታዊ ፈተና በቂ መነሻ ነው፤ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፣ ለማለፍ 26 መመለስ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ግን ስልክ ላይ ትሁን። መጽሐፉን ቀድማ የጨረሰች ሰው ቃላቱን ትይዛለች፣ የደንበኛውን ድምፅ ግን አታውቀውም።

ሰውን መያዝ ሲባል ውጭ ያለው ልማድ የሁለትዮሽ ውይይት ነው። በየ15 ቀኑ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር 30 ደቂቃ፤ ለስምንት ሰው አራት ሰዓት። እዚህ እንዳለ ሲቀዳ አይሠራም። «እንዴት ነህ፣ ችግር አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ወጣት ቴክኒሻን «ኧረ ምንም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ይሉኝታ አለ፣ በታላቅ ፊት ማማረር ነውር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሁለት ጊዜ የተመላለስክበት ደንበኛ ማነው?» «ሳትበላ የዋልክበት ቀን የትኛው ነው?» ለዚህ መልስ አለው። ስብሰባው ሥራ በበዛ ቁጥር ከተሰረዘ ደግሞ ሠራተኛው ወረፋው የት ላይ እንደሆነ ይገባዋል፤ የሚቀጥለውን የሚሰሙት በመልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ሰው ወዳድ መሪ የሚወድቅባቸው ቦታዎችም አሉ። የመጀመሪያው ደካማውን መሸፈን ነው። አንዱ ያበላሸውን ሌሎቹ ማታ ሲጠግኑ ከርመው፣ ጎበዙ ቀድሞ ይለቃል። ሁለተኛው ቁጥር መሸሽ ነው። ስድስት ቴክኒሻን በቀን 8 ሰዓት ለ22 ቀን ቢሠሩ 1,056 ሰዓት ነው፤ ከዚህ 65 በመቶው ለደንበኛ ቢውል 686 ገደማ። በወር ቁርጥ ክፍያ የሚከፍል አንድ ደንበኛ ከዚህ ውስጥ 200 ሰዓት ከበላ የሌሎቹ ገንዘብ እሱን እየደጎመ ነው፤ ይህን በወሩ መጨረሻ የማታይ ኃላፊ ሰዎቿን ልትጠብቅ አትችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚከፈለውን የሶፍትዌር ፈቃድ በቁርጥ ብር የተዋዋለ ድርጅት ሒሳቡ ተናግቶበታል። ውሉ ውስጥ የፈቃዱ ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ እንደሚታሰብ ለብቻው መጻፍ አለበት።

ከውጭ መቀዳት የሌለበትም አለ፤ ይህን ለዲያስፖራ ባለሀብቶች ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ቴክኒሻንን በቀን በዘጋው ቲኬት (የተመዘገበ የብልሽት ጥሪ) ብዛት መለካት ሰውን ሳይፈታ መዝጋት ያስተምራል፤ ደንበኛው በማግስቱ ይደውላል፣ ቲኬቱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበትም በአብዛኛው አሜሪካ ይፈቀዳል፣ እዚህ ግን ሕጉ ከዘረዘራቸው ከባድ ጥፋቶች በቀር አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መደበኛ ስንብት በቂ ምክንያትና እንደ አገልግሎቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። የዓመት ፈቃዱ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፣ ከነደመወዙ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለግል ሠራተኛ አንዱንም በክፍያ አያስገድድም። ሸርሊ በወረቀትና በእርሳስ ከቤት የያዟቸውን እናቶች እዚህ ለመያዝ ሕጉ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ የቀረው እናቲቱ ስትመለስ የስልክ ተራዋን ከቤት እንድትይዝ ላፕቶፕና መስመር መስጠት ነው።

የተረኝነት ሠንጠረዡም የከተማዋን ቀን ይከተል። የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል ቀናቸው ይታወቃል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ግን በየዓመቱ አያንቶ የሚባሉ ሽማግሌዎች ኮከብ ተመልክተው የሚያስታውቁት ስለሆነ አስቀድሞ ሊቆረጥ አይችልም፤ ሆቴሎች የሚሞሉት ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለት ተጠባባቂ ስም ክፍት ይተዉ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ይህ ደመወዝ ቀን ላይ በግልጽ ሰፍሮ ካልታየ፣ በሚቀጥለው በዓል ማታ ስልኩን የሚያነሳ አይገኝም።

ኃላፊ የሚፈልግ ባለቤት ከዲግሪው መስመር ይልቅ ይህን ይሞክር። አመልካቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከሌላ ክፍል ደውሎ፣ በቁጣ «ሲስተም የለም፣ 40 እንግዳ ቆሞብኛል» ይበለው። አሥር ደቂቃ ይስጠው። ከዚያ ገብቶ የጻፈውን ወረቀት ይይ፤ አምስቱ ነገሮች አሉ? መልሶ የሚደውልበትን ሰዓትስ ጽፏል?