ማን ገደለው?

የባለቤቴ አጎት እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ ስለ እንግሊዝ ገጠር የሚያውቁት ግን ሰው የሚገደልበት መሆኑን ብቻ ነው። ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። አረንጓዴ ሜዳ፣ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንና ጽጌረዳ የወጣበት አጥር ከታየ፣ ሻይ ሳይቀርብ አንድ ሬሳ መገኘቱ አይቀርም። ታዲያ ባለፈው እሑድ ቡናው እስኪፈላ ብዬ «ጃም ኤንድ ጀሩሳሌም» የተባለውን የቢቢሲ ኮሜዲ ከፈትኩ። ገና በመጀመሪያው ክፍል የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሳል ባል፣ የመንደሩ ሐኪም፣ ሲሞት ጋሼ ከሶፋው ቀና አሉ።

«ማን ገደለው?»

«ማንም አልገደለውም ጋሼ፤ እንዲያው ነው የሞተው።»

«እንዲያውማ አይሞትም፣ አንቺ ልጅ። ያቺ ኦርጋን የምትመታው አሮጊት አላማረችኝም።»

ከአቦል እስከ በረካ ምርመራው አልተቋረጠም። አሮጊት ያሏት ጆአና ላምሊ ናት፤ በወጣትነቷ ሞዴል የነበረች ሴት እንዲያ አስረጅተዋት ስትንገዳገድ ማየት ብቻውን ቡና ያስረሳል። ኮሜዲያኗ ጄኒፈር ሳውንደርስ ከአቢጌል ዊልሰን ጋር ጽፋው፣ ራሷም ትጫወትበታለች፤ የኮሜዲ ባልደረባዋ ዶውን ፍሬንችም አለች። መንደሩ ክላተርፎርድ ሴንት ሜሪ ይባላል፤ የፈጠራ ስም ነው፣ የተቀረጸው ግን ዴቨን በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ነው። ሳል ባሏ ሲሞትባት፣ ለዓመታት ስትሸሸው የኖረችውን የሴቶች ማኅበር ሳትወድ ትገባለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ጋሼ «ምንም አይፈጠርበትም እኮ!» ይላሉ። የሚያናድደኝ ይህች «ምንም» ናት። ባል የሞተባት ሴት እንደገና መሳቅ ስትጀምር ምንም ካልተፈጠረ፣ ሰው አናቱን በመቅረዝ ሲመታ ነው የተፈጠረው?

እንግሊዞች የሴቶች ኢንስቲትዩት የሚባለውን ትልቅ ማኅበር ሲያሾፉበት «ጃምና ኢየሩሳሌም» ይሉታል፤ ማርማላታ ይሠራሉ፣ ያንን «ኢየሩሳሌም» የሚባል የታወቀ መዝሙራቸውን ይዘምራሉ ለማለት ነው፤ የኮሜዲውም ስም ከዚህ የመጣ ነው። ያሹፉ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1897 ካናዳ ተጀምሮ በ1915፣ በጦርነቱ መሐል፣ በዌልስ በኩል ብሪታንያ የገባ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ መንግሥት ስኳር መደበላቸውና በ1940 ብቻ ዛፍ ሥር ሊበሰብስ የነበረ ከሺህ ቶን በላይ ፍሬ አተረፉ። ሺህ ቶን! በየመንደሩ አዳራሽ፣ በየሰው ምድጃ።

እዚህ ላይ የምወደውን ተረት ካላመጣሁ ይቆጨኛል፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። እንዴት ያለ አባባል ነው! አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ሃምሳው ሰው ሎሚውን ይዞ ሲያጌጥ ቅርጫቱን ማን አጥቦ እንደመለሰው አይናገርም። እኔ አውቃለሁ፤ ሴቶቹ ናቸው።

ስሙን በማልጠራው በአንድ ማኅበራችን ውስጥ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ዶሮውን የምንገነጥል፣ እንጀራውን በአውቶቡስ የምንሸከም እኛ ነን፤ ማይክሮፎኑን የሚይዙት እነሱ። መጨረሻ ላይ «ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ይባልና ወደ ድስት አጠባው እንመለሳለን። አንድ ዓመት እጄን አውጥቼ የአዳራሹ ኪራይ ለምን እጥፍ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው ሂሳቡ እስከ ዛሬ በወንድም አላለቀም። ያንን ተረት ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ያን ጊዜ «ማን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ያስኬድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ጁን ላይ ቶኒ ብሌር ዌምብሌይ አዳራሽ ውስጥ በእነዚያ የጃም ሴቶች ፊት ቆሞ ነበር። አሥር ሺህ ገደማ ናቸው። ማኅበሩ የፓርቲ ፖለቲካ አይወድም፤ ሰውዬው ግን ንግግሩን ወደ መንግሥቱ ሥራ ወሰደው። ሴቶቹ ወንበር አልወረወሩም። ቀስ ብለው፣ እኩል፣ አጨበጨቡ። በቃህ ማለታቸው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግሩ ተሰናከለበት። እነዚያን ሴቶች ለአንድ ከሰዓት፣ ለእኛው ሊቀ መንበር ዓመታዊ ሪፖርት፣ በውሰት የሚሰጠኝ ቢገኝ የእንቁጣጣሹን ዶሮ ብቻዬን እገነጥላለሁ።

ጋሼን ረሳኋቸው። በረካው ላይ ተጠርጣሪዎቹን ወደ ሁለት አውርደው ነበር፦ ኦርጋኒስቷና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኤይሊን። የኤይሊንን ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልተከራከርኳቸውም፤ ሊቀ መንበር ነች።

ለነገሩ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የእኔ ኮሜዲ ከሦስት ዙር በኋላ በ2009 አበቃ። በሌላው ጣቢያ በ1997 የተጀመረው የጋሼ የግድያ ድራማ «ሚድሶመር መርደርስ» ግን ከእሱም በኋላ ስንት ዓመት የገጠር ጡረተኛ ሲጨርስ ኖረ። እሳቸው አንድም ክፍል አላመለጣቸውም፤ ገዳዩን ቀድመው ያወቁበት ቀን ግን የለም።