ቤት ገዢን የሚያስቸኩለው ማን ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ደጋግሞ የሚሰማት ቃል «ቶሎ ወስን» የምትል ናት። ሌላ ገዢ አለ፤ ማታ ሊመጣ ነው፤ ነገ ዋጋው ይጨምራል። ይህን የሚናገር ሁሉ ይዋሻል አልልም፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው። ነገር ግን ሽያጩ በተፈጸመ ዕለት ሻጩ ዋጋውን፣ ደላላው ድርሻውን ይቀበላሉ፤ ባንኩም ወለዱን መቁጠር ይጀምራል። ከፋዩ ገዢው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥድፊያው የእነርሱ ነው፤ ገዢው የራሱ ሊያደርገው አይገባም።

እኔ የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁት በዚሁ ጥድፊያ ነበር። ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ በወጣበት እኩለ ቀን ነው። ከመኝታ ቤቱ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ፣ ያውም እስከ ወገብ ድረስ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አየሁት፤ ንጽሕናው ደስ አለኝና አለፍኩት። ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ብናኝ ወጣበት። ውኃ ከመሠረቱ ተስቦ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ከአፈሩና ከግንባታው የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው ፊቱ ላይ ይቀራል። አንድ የግንባታ ባለሙያ ያቺን ግማሽ ቀለም ባየ ጊዜ ይጠረጥር ነበር። ለእርሱ የምከፍለው ገንዘብ ከበደኝ፤ ለጥገና ያወጣሁት ግን ብዙ እጥፍ ሆነ።

ስለዚህ ቤት ከዝናብ በኋላም ይታይ፤ ማታም ይታይ። ልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያስፈራም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድና እየሰፋ የሚመጣ ስንጥቅ ግን መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። አልገጥም ያለ በርም እንዲሁ። ባለሙያውን ደግሞ ገዢው ራሱ ይምረጥ እንጂ ደላላው አያምጣለት።

በሰነዱ ላይ ያለኝ አቋም ከዚህም የጠበቀ ነው። ሻጩ የሚያሳየው ወረቀት የሚናገረው የተሰጠበትን ቀን ነው፤ የዛሬውን የሚናገረው መንግሥት የሚይዘው የይዞታ መዝገብ ነው። ፖለቲከኛው ሮበርት ቶረንስ በ1858 እ.ኤ.አ. በደቡብ አውስትራሊያ ያስጸደቀው የንብረት ምዝገባ ሕግ መሠረቱ ይኸው ሐሳብ ነበር፦ የባለቤትነት ማስረጃው በሰው እጅ የተከመረ ውል መሆኑ ይቅርና መዝገቡ ራሱ ይሁን። በየአገሩ ሕጉ ቢለያይም ገዢው ወይም ጠበቃው መዝገቡ ዘንድ ሄዶ ቤቱ በማን ስም እንዳለ፣ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ሻጩ በውክልና የመጣ ከሆነም ውክልናው መሸጥን የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑ ይጣራ። ይህ ሁሉ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው። ቀብድ የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሲል ያየውን ጉድለት እንዳላየ ማለፍ ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የብድሩ ነገር ነው። ተበዳሪው ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ ጠይቆ «እችለዋለሁ» ብሎ ይፈርማል። እስኪ እናስላው። ዓመታዊ ወለዱ በ12 በመቶ የጸና፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ በ20 ዓመት የሚያልቅ ብድር እንበል። ለተበደርነው ለእያንዳንዱ 100 የምንመልሰው 264 ያህል ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 91 በመቶ ያህሉ ወለድ ነው፤ ዕዳውን የሚነካው የቀረችው ጥቂት ናት። 15 ዓመት ሙሉ ከፍለን እንኳ ከተበደርነው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ገና ሳይመለስ ይቀራል። አሁን ወርኃዊ ክፍያውን በ9 በመቶ ብቻ ከፍ እናድርገው፤ ብድሩ በ15 ዓመት ያልቃል፤ የምንመልሰውም ወደ 216 ይወርዳል። ከሰው ዕድሜ አምስት ዓመታት ከዕዳ ነፃ የሚወጡት በዚህች ጭማሪ ነው! ይህን ስሌት ለተበዳሪው ቁጭ ብሎ የሚያሳየው ሰው ሊኖር ይገባል። ከሌለም ራሱ ይጠይቅ፤ ወለዱ ወደፊት ሊቀየር ይችል እንደሆነ፣ ብድሩን ቀድሞ መክፈል ቅጣት ያስከትል እንደሆነም በጽሑፍ ይቀበል። የስም ማዛወሪያው፣ ግብሩና ኢንሹራንሱም ከቤቱ ዋጋ ውጪ መሆናቸውን አይርሳ።

«ይህን ሁሉ ሳጣራ ቤቱ ቢያመልጠኝስ?» የሚል ሰው አለ፤ ስጋቱ እውነተኛ ነው። መልሴ አብዛኛው ሥራ ቤቱ ከመገኘቱ በፊት ሊያልቅ ይችላል የሚል ነው። ባንኩ ምን ያህል እንደሚያበድረው አስቀድሞ ያወቀ፣ ጠበቃና መሐንዲስ መርጦ የተስማማ ገዢ፣ ቤቱን ካየ በኋላ የሚያስፈልገው ጥቂት ቀን ነው። እነዚያን ቀናት የሚከለክለኝ ሻጭ ቢያጋጥመኝ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዛሬ አልገዛውም።