እርማት፦ ቸርቻሪ መቀየር ውኃውን አይቀይርም

ወንድሜ፣ ለለንደን ምግብ ቤቶች «የውኃ ኩባንያ ቀይሩ፣ የተሻለ ውኃና ግፊት ታገኛላችሁ» ብለህ መክረሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ስሕተት ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ንግድ ቤቶች የሚመርጡት ቸርቻሪውን ብቻ ነው፤ ማለትም ሂሳብ የሚልከውን፣ ቆጣሪ የሚያስነብበውንና ስልክ የሚያነሳውን። ውኃውን የሚያጣራውና የፈነዳ ቧንቧ የሚጠግነው ያው የአካባቢው ጅምላ አቅራቢ ነው። የጀበናው ውኃ ጣዕም ንቅንቅ አይልም። ከክፍያው ትልቁ ድርሻም የጅምላው ስለሆነ ቸርቻሪው ሊቀንስልህ የሚችለው ከቀሪዋ ጥቂት ላይ ነው። እኔ ብሆን ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ስለ ንባቡ ነው፦ እግረኛ መንገዱ ላይ ያለውን የብረት ክዳን ከፍቶ ቆጣሪውን በትክክል ያነባል ወይስ በግምት ያስከፍላል? በግምት ሲከማች ቆይቶ አንድ ቀን ዱብ የሚል ሂሳብ ወጥ ቤቱን ያስለቅሳል።

መኖሪያ ቤት ግን ምርጫ የለውም። ስኮትላንድ ይህን ምርጫ ለንግድ ቤቶች የከፈተችው ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

«ኦፍዋት (የውኃ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ስለሚፈርስ ገበያው ተዘግቷል» ያልከውም አልሆነም። መንግሥት በጁላይ 2025 ያስታወቀው ተቆጣጣሪውን በአዲስ አካል እንደሚተካ ነው፤ ቸርቻሪ የመምረጥ መብት በዚያ አልተሰረዘም።