ሩማንኛ ልማር ወይስ ሮምግሌዛ?

ቆይ፣ ሩማንያ ውስጥ ሠርቶ ለመኖር የትኛውን ቋንቋ ነው መማር ያለብኝ? እስቲ ንገሩኝ!

ቡካሬስት ስገባ «ሩማንኛ ካልቻልሽ ደህና ሥራ አታገኚም» አሉኝ። እሺ ብዬ ወገቤን አሰርኩ። ጾታው ሦስት፣ የግሱ እርባታ ራስ የሚያዞር። የቀለለኝ ነገር ቢኖር እኛ «ቤቱ» እንደምንለው እነሱም ቃሉ መጨረሻ ላይ «ኡል» መለጠፋቸው ነው። ይህን ሁሉ ለፍቼ ቢሮ ገባሁና አለቃዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጺ-አም ፎርዋርዳት ሜይሉል፣ ዳ-ሚ ኡን ፊድባክ ፐና ላ ዴድላይን።» ሜይሉን ልኬልሻለሁ፣ እስከ ቀነ ገደቡ አስተያየት ስጪኝ ማለቱ ነው። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ሩማንኛው «ዳ-ሚ» (ስጪኝ)፣ ማያያዣውና ቅጥያው ብቻ፣ የቀረው እንግሊዝኛ! ቀነ ገደብ «ቴርመን» የሚባል ስም አለው፣ ስብሰባም «ሼዲንጻ»። ማን ይንገራቸው?

ነገርየውን ራሳቸው «ሮምግሌዛ» ብለው ይስቁበታል። «ሮምና» (ሩማንኛ) ራሱን፣ «ኤንግሌዛ» (እንግሊዝኛ) ጅራቱን አዋጥተው የተሠራ ስም ነው። አሠራሩም ቢሆን የፈረንሳዮቹ «ፍራንግሌ» (እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ፈረንሳይኛ) አምሳያ ነው፤ ያንን ቃል ያስጮኸው ኤትያምብል የሚባል ምሁር በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። መሳለቂያው እንኳ ከውጭ!

አመሉ ደግሞ የዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽኑ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከፓሪስ ተምረው የተመለሱትን ወጣቶች «ቦንዡሪስት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። የሩማንያው ጸሐፌ ተውኔት ቫሲሌ አሌክሳንድሪ በጻፈው ኮሜዲ ውስጥ ወይዘሮ ኪሪጻ ፈረንሳይኛ ተማረልኝ የምትለውን ልጇን ሹካ በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል ትጠይቀዋለች። ሹካ በሩማንኛ «ፉርኩሊጻ» ነው። ልጁ ዓይኑን ሳያሽ «ፉርኩሊዚዮን!» አይላትም? ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፎም ቃሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ቅልቅል ስም ሆኖ ቀርቷል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴናተር ጆርጅ ፕሩቴያኑ የታገሉለት ሕግ ወጣ፦ በአደባባይ የሚለጠፍ የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ የሩማንኛ ትርጉም ይኑረው የሚል። የቢሮ አፍ ግን ሕግ አይገዛውም።

እኛም «ሚቲንግ አለኝ» ባዮች ነንና ቅልቅሉ ብቻውን አያንገበግበኝም። (ጉራማይሌ ለኛ ብርቅ ነው እንዴ?) የሚያንገበግበኝ እኔ አንዲት መስተዋድድ ስሳሳት የስብሰባው ሰው ሁሉ ተቀባብሎ ማረሙ ነው። «ታርገቱል» (ታርጌቱ)፣ «ጆቡሪ» (ጆቦች) እያለ የዋለ አፍ «እንዲህ አይባልም፣ ሩማንኛ ቆንጆ ቋንቋ ነው» ይለኛል። ቆንጆ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት! ከእንግዲህ ሊያርመኝ የሚፈልግ መጀመሪያ ራሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሩማንኛ ይጨርስ።