የራሱ አለቃ

ሰው ለምን የራሱን ሥራ ይጀምራል? ቢጠይቁት «ለነፃነት» ይላል። ጠጋ ብለው ቢያዋሩት ግን አለቃው አንገፍግፎታል። መልቀቂያ ባስገባ በሳምንቱ ሎጎ ያሠራል፤ ቢዝነስ ካርዱ ላይም «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ያስጽፋል። የሚያዘው ሠራተኛ ገና የለም፤ ጠራጊውም፣ ተላላኪውም፣ ሒሳብ ያዡም እሱው ነው። አንድ አለቃ ሸሽቶ ደንበኛ፣ አቅራቢ፣ አከራይና ግብር ሰብሳቢ የሚባሉ አራት አለቆች አፈራ። አንዳቸውም የዓመት ፈቃድ አይሰጡም።

እ.ኤ.አ. በ1755 ጽሑፉ የታተመለት የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ሪቻርድ ካንቲሎን፣ ሥራ ፈጣሪን በታወቀ ዋጋ ገዝቶ ባልታወቀ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ብሎት ነበር። የዛሬው ጀማሪ አሻሽሎታል፤ የገዛበትንም በቅጡ አያውቀውም። ማጓጓዣውን፣ ማሸጊያውንና የተሰበረውን ዕቃ ከሒሳብ አያስገባም። የራሱን ደመወዝማ ጭራሽ!

ይሁን፣ ሁሉም ተደማምሮ አንዱ ዕቃ 100 ወጣበት እንበል፤ በ130 ይሸጣል። ኪራይ፣ መብራትና የመሳሰለው በወር 9,000 ከሆነ፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 300 ዕቃ መሸጥ አለበት። ለ26 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 12 ገደማ ነው፤ አያቅትም። ጉዱ የሚመጣው ገበያው ቀዝቅዞ «20 በመቶ ቅናሽ!» የሚል ወረቀት የለጠፈ ቀን ነው። ቅናሹ የሚቆረጠው ከ130 እንጂ ከትርፉ አይደለማ! ዋጋው 104 ይሆናል፤ ከ30 ትርፍ 4 ትቀራለች። ያንኑ 9,000 ለመሸፈን አሁን 2,250 ዕቃ፣ በቀን 87 ያህል መሸጥ ሊኖርበት ነው። ሱቁ ይጨናነቃል፤ ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ «ገበያው ደራ» ይላል። ደርቷል፣ ለገዢው።

በቅናሽ ባይከስር እንኳ ቀጠሮ ይጠብቀዋል። ትልቁ ደንበኛ በ60 ቀን እከፍላለሁ ይላል፤ አቅራቢው ከ15 ቀን በላይ አይታገሥም። መዝገቡ ላይ ያለው ትርፍ ካዝናው ውስጥ የለም። መሐል ያሉትን 45 ቀናት የሚሸፍነው የቤት አስቤዛ ነው። ቤቱም በተራው ከካዝናው ይቆነጥራል፤ ወር ሲያልቅ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ የሚለይ ዳኛ ይጠፋል። ሁለት የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ሱቁንና ቤቱን መለየት ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር፤ ግማሹ ቀን ግን ለሎጎው ቀለም መምረጫ ውሏል። ዘመድ ወዳጅ ደግሞ ሊያበረታታው ይመጣል፣ በዱቤ።

ይህን ሁሉ አልፎ የመጀመሪያ ሠራተኛውን ይቀጥራል። ሠራተኛው በወሩ ጥግ ይዞ፣ ስልኩ ላይ ሎጎ ሲመርጥ ይገኛል።