ሁሉም «ተመሳሳይ»? ኧረ በሕግ!

ከደሴ እስከ ወልድያ ተማሪ እጅ ላይ የሚዞረውን የእንግሊዝኛ ቃላት ፎቶ ኮፒ አንሡና እዩ። ሴም፦ ተመሳሳይ። ሲሚላር፦ ተመሳሳይ። አይደንቲካል፦ ተመሳሳይ። ኢኳል፦ ተመሳሳይ። ዩኒፎርም፦ ተመሳሳይ፣ የተማሪ ልብስ። አምስቱንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተው ሰፉት! ልጁ ፈተና ላይ ሲስት ደግሞ «ግራመር አይገባውም» ይባላል።

አማርኛ ቃል ቸግሮት ቢሆን እሺ። ሲሚላር የሚመስል እንጂ ያው ያልሆነ ነው። አይደንቲካል ልዩነት ፈልገህ የማታገኝበት። ኢኳል ልክና መጠን ነው፤ አንድ ኪሎ ቅቤና አንድ ኪሎ ጨው በሚዛን ኢኳል ናቸው፣ ሲሚላር ግን ማን ይላቸዋል? ኢኩቫለንት አቻ ነው፦ አንድ መቶ ብርና ሁለት ሃምሳ ብር።

ሴም ላይ ነው ጉዱ። ሁለት ሰዎች ኮምቦልቻ በዘ ሴም ባስ ወረዱ ካልን መኪናው አንድ ነው፣ «በዚያው»። ዘ ሴም ሹዝ ተጫምተዋል ካልን ግን ሁለት ጥንድ ነው፣ «አንድ ዓይነት»። አማርኛው እንዲህ አጥርቶ እየለየ ወረቀቱ ያደፈርሰዋል። «ዘ» ደግሞ አትቀርም፤ ተከታዩም «አዝ» ነው። «ሴም ዊዝ» የሚመጣው «ከዚህ ጋር አንድ ነው» የሚለውን ቃል በቃል ስለምንገለብጥ ነው። ሲሚላርና ኢኳል «ቱ» ይፈልጋሉ። አላይክ (የሚመሳሰሉ) ከስም ፊት አይቆምም፤ «ትዊንስ አር አላይክ» ያስኬዳል፣ «አላይክ ትዊንስ» አያስኬድም።

ዩኒፎርም ከላቲን «አንድ»ና «ቅርጽ» የመጣ ነው። ስም ሲሆን ልብሱ፣ ቅጽል ሲሆን «ወጥ»። ጨርቁ እዚህ ደመቅ እዚያ ፈዘዝ ካለ፣ የተማሪው ዩኒፎርም ራሱ ቀለሙ ዩኒፎርም አይደለም። ወጥ የሚለውን ቃል ደግሞ ለወሎ ሰው ማን ያስተምረዋል? ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስና ቤተ መድኃኔዓለም እያንዳንዳቸው ከወጥ አለት ተፈልፍለው ወጥተዋል፤ ሞኖሊቲክ ማለት ይኸው ነው። አንዱ መስቀል፣ ሌላው ዙሪያውን ዓምድ ያለው አራት ማዕዘን ስለሆኑ ግን እርስ በርሳቸው ዩኒፎርም አይደሉም።

ኮንሲስተንትም «ተመሳሳይ» ተብሏል አሉ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ ቡናው ያው፣ ጀበናው ያው፣ ዘ ሴም። ውፍረቱ ግን ኮንሲስተንት አይደለም፤ ውሃ ሲጨመርበት እየቀጠነ ይሄዳል። ኮንሲስተንት ከጊዜ ወደ ጊዜ አለመዋዠቅ ነው፣ ዩኒፎርም ከዳር እስከ ዳር አንድ መሆን።

ሞኖቶነስስ? ከግሪክ «አንድ»ና «ድምፅ»፤ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚያሰለች። ውጤቱ የማይዋዥቅ ተማሪን «ሞኖቶነስ» ብላችሁ ካመሰገናችሁት ሰደባችሁት፤ ኮንሲስተንት በሉት። ባቲና አምባሰል ቅኝት ሆነው በሚዜሙበት አገር ይህ ቃል ባይገባ ያስቃል።

ወረቀቱን ገልብጡት ደግሞ። ዲፈረንት የተለያየ፣ ቫሪየስ የተለያየ፣ ዳይቨርስ የተለያየ፣ ቫሪያብልም የተለያየ! ተለዋዋጭ ማለት አቅቷቸው?