ይህ ደረት ለምን ባዶ ሆነ?

«ያንተስ የታለ?» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደረቴን እያየ። የመግቢያ ባጄን አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ኮቱ ላይ ያለችውን ቀይ ፖፒ፣ እንግሊዞች በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ የሚሰኳትን አበባ፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ኦክቶበር ገና አላለቀም። የመታሰቢያው ቀን ኖቬምበር 11 እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ከምናምን ይቀራል። እሱ ግን ታጥቆ ጨርሷል፤ አሁን ቁጥጥር ላይ ነው።

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ይህችን አስተያየት ታውቋታላችሁ። ዘንድሮም ትሬን ውስጥ ወይ ሊፍት ውስጥ ሳትለኩ አልቀራችሁም። እኔ ግን ዛሬ ላማርር አልመጣሁም፤ ላመሰግን ነው። የሰውን ልብ ሳይከፍት፣ ከኮቱ በላይ ብቻ አይቶ፣ ማን የሞቱትን እንደሚያስብ ማን እንደማያስብ የሚያውቅ ሕዝብ ካልተመሰገነ ማን ይመስገን?

ድሮ እኮ ነገሩ እጅግ ያልሠለጠነ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ላይ ፍላንደርስ የሚባለው የቤልጂየም ምድር በመድፍ ሲታረስ ከረመ። የፖፒ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል፤ መሬቱ ሲገለበጥ ይነቃል። እናም በመቃብሮቹ መካከል ቀይ አበባ በቀለ። አንድ ካናዳዊ የጦር ሐኪም በግጥም አነሳው፣ ነገሩ ተዛመተ። በ1921 የብሪታንያ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ ሮያል ብሪቲሽ ሊጅን የምንለው፣ ተቋቁሞ በዚያው ዓመት አበባውን መሸጥ ጀመረ። 9 ሚሊዮን ገደማ አበባ ወዲያው አለቀ። በዓመቱ የአካል ጉዳተኛ ወታደሮች ራሳቸው የሚሠሩበት ፋብሪካ ተከፈተ። አበባዋ አንድ እጁን ያጣ ሰው በቀረው እጁ ሊገጣጥማት እንዲችል ሆና የተሠራች ናት።

ሰው ሳንቲሙን ሣጥን ውስጥ ጣል ያደርጋል፤ አበባዋን ይሰካል። ማታ ኮቱን ሲያወልቅ ትወድቃለች። በማግሥቱ ሌላ ይገዛል፤ ሌላ ሳንቲም ይገባል። አስቡት! ዓላማው አካሉን ያጣ ሰው ቤት ኪራይ እንዲከፍል ነበር እንጂ፣ የለባሹ ማንነት እንዲታይ ማንም አላሰበበትም። ሌላው ይቅርና መሐሏ ላይ ባለችው ጥቁር ቁልፍ ላይ ለብዙ ዘመን ተጽፎ የኖረው የጄኔራል ሄግ ስም ነው። ሄግ ማለት ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገው የሶም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበሩት ናቸው። በዚያ ጦርነት የመጀመሪያ ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 1916፣ 19,240 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ። በአንድ ቀን። የሞቱት አበባዋን ሆኑ፣ አዛዣቸው መሐሏ ላይ ስማቸውን አገኙ። ነገር ማሳመር ከጥንትም ነበረ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ተመስገን፣ ሠልጥነናል። ወረቀቷ ደሃ ታስመስላለች። አሁን ፈርጥ ያላት፣ የምታብለጨልጭ፣ የእንቁላል መጥበሻ የምታክል የደረት ጌጥ አለች። አንዴ ተገዝታ ዕድሜ ልክ ትቆያለች። ኦንላይን ሻጩ ገንዘቡን ለማን እንደሚያደርስ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፣ ግን ከመንገድ ማዶ ትታያለች። ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርብ እንግዳ ስለ ድንች ዋጋ ሊያወራ ቢመጣም ሳይሰካለት ካሜራ ፊት አይቀመጥም። በ2015 አንድ ትልቅ ሰው ፎቶው ይፋዊ ፌስቡክ ላይ ሊወጣ ሲል ደረቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምን ችግር አለ? አበባዋ በኮምፒውተር ተለጠፈችለት። ማስታወስን ራሱን ኮምፒውተር እንዲሠራው ያደረገ አገር ነው።

ሊቃውንቱ ደግሞ ሥርዓቱን አርቅቀውልናል። ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ። ቅጠሏ ወደ 11 ታመልክት፤ ጦርነቱ የቆመው በ11ኛው ወር፣ በ11ኛው ቀን፣ በ11 ሰዓት ነዋ። አበባዋን የሚያሠራጨው ማኅበር ራሱ፣ ትክክለኛ አሰካክ የሚባል የለም፣ ማድረግም አለማድረግም የግል ምርጫ ነው እያለ ይለምናል። ግን ማኅበሩ ምን ያውቃል? መቶ ዓመት ብቻ ነው የሠራበት። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በሐበሻ ሰዓት ከሄድን ያ ሰዓት ከረፋዱ 5 ነው፤ ቅጠሏን ወደ 5 ባዞራት ቁልቁል ልታይ ነው። ያኔ አገር ተሰደበ ሊባል ነው። ስኮትላንዶች ደግሞ ጭራሽ ቅጠል የላትም የእነሱ ፖፒ። ሰዓቱን በምን እያወቁ ይሆን?

በ2011 ፊፋ የእንግሊዝ ቡድን ማሊያ ላይ ፖፒ አይደረግም ሲል ደግሞ ሁለት ጀግኖች ዙሪክ ድረስ ሄደው የፊፋ ሕንፃ ላይ ወጡ። ለሞተ ሰው ጣራ ላይ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ተማርን።

ይሄ ሁሉ ግን ከጎረቤቴ አይበልጥም። አንድ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በየመንገዱ አንድ አለ። አቶ አይረሴ እንበለው።

አቶ አይረሴ የጀመረው እንደማንኛችንም በወረቀቷ ነው። ከዚያ ብረቷን ገዛ። ከዚያ ኮት በለወጠ ቁጥር መንቀሉ ሰለቸውና ለእያንዳንዱ ኮት አንዳንድ ገዛ። ከዚያ መኪናው አሳዘነችው። ሳህን የሚያክል የፕላስቲክ ፖፒ ፊቷ ላይ አሰረላት። ይቺ የመኪና ፖፒ ኖቬምበር ሲያልቅ አትወርድም። ገናን ታልፋለች፣ ፋሲካን ታልፋለች፣ በጋው ፀሐይ ነጭ ያደርጋታል። ያኔ የሰላም ወዳዶቹን ነጭ ፖፒ ትመስላለች። እሱ ይህን ቢሰማ በንዴት ይታመማል።

ቀጥሎ ውሻው ማተቡ ላይ ፖፒ ተደረገለት። ድመቷም ተገዝቶላት ነበር፤ በጥርሷ ነቅላ ሶፋ ሥር ከተተችው። እስካሁን ማንም «ለምን አታከብሪም?» ብሎ አልጠየቃትም። በዚህ አገር ያለ ፖፒ በነፃነት የምትንቀሳቀስ ብቸኛ ፍጡር እሷ ናት።

ከዚያ አጥሩ ላይ ወታደር ቆመ። ከጥቁር ብረት የተቆረጠ፣ ልክ የሰው ቁመት ያለው፣ ጠመንጃ የያዘ፣ አንገቱን የደፋ ጥላ። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም ቀን ቀን አከብረዋለሁ። እዚህ አገር ግን ኖቬምበር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይመሻል። ፒዛ የሚያደርስ ልጅ በጨለማ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፒዛውን መሬት አስቀምጦ እጁን ቢያነሳ ማን ይፈርድበታል?

የመጨረሻው ማዕረግ ግን ቢን ነው። አዎ፣ የቆሻሻ ቢን። ቢኑን ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን ትልቅ ስቲከር ይሸጣል። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሰማዩ ደም ሲመስል፣ የፖፒ ማሳ፣ መሐል ላይ የተንበረከከ ወታደር፣ ከላይ በትልልቅ ፊደል «እንዳንረሳ»። አቶ አይረሴ ሦስት ቢን አለው፤ ሦስቱም ለብሰዋል። የተራው ቆሻሻ ወታደር ያለበት ነው። የሪሳይክል መርከበኛ ደረሰው። ለጓሮ ሣር ፈረስ ያለበት ተመረጠለት፤ ፈረስ ሣር ይበላል በሚል ይሆናል፣ አልጠየቅሁትም። ማታ ማታ ዳይፐሩ፣ የዶሮ አጥንቱ፣ የከረመው ወጥ «እንዳንረሳ» ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ጓ ብሎ ይዘጋል። ማክሰኞ ማታ ሦስቱ በሰልፍ መንገድ ዳር ይወጣሉ። አንድ ሳምንት ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሪሳይክሉን ሳያወጣው ቀረ። «እንዳንረሳ» የሚለው ቢን ተረሳ! በሌላ ሳምንት ደግሞ የቢን ሠራተኞቹ ባዶውን ገልብጠውት ሄዱ። አንገቱን የደፋው ወታደር ጭራሽ በአፍጢሙ ተደፋ። አቶ አይረሴ ለካውንስሉ አቤቱታ ጻፈ። የመሥዋዕትነት ክብር ተነካ አለ። የዶሮ አጥንቱን አላነሳውም።

እኛም እኮ የዚያው የ1918 ኖቬምበር ሐዘን አለን። አውሮፓ ጥይት ስታቆም አዲስ አበባን የኅዳር በሽታ ያጭዳት ነበር። አያቶቻችን ኅዳር 12 ላይ ቆሻሻውን ጠርገው አጠኑት፤ ኅዳር ሲታጠን እስከ ዛሬ አለ። ቆሻሻ መጣያውን ማስጌጥ ግን አልታያቸውም። ያልሠለጠነ ሰው ምን ያደርጋል።

ያ አጥር ላይ ያለው ጥላ ጠመንጃ ይዟል ብያለሁ። ሸክም የተሸከመ ጥላ ግን የትም ሱቅ አይታችሁ አታውቁም። በዚያው ጦርነት፣ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ የእንግሊዝን ጦር ጥይትና ስንቅ በራሳቸውና በጀርባቸው የተሸከሙት ጥቁር ሰዎች ናቸው። በበሽታና በረሃብ ረገፉ። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን ራሱ ያስጠናው ሪፖርት በ2021 ወጣ። ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሟቾች፣ በብዛት የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ ስማቸው አልተጻፈላቸውም፣ ወይም ጭራሽ አልታሰቡም። በ1923 አንድ የቅኝ ግዛት ገዥ፣ ተራው የአገሬው ሰው የመቃብር ድንጋይ ቢቆምለት አይገባውም፣ አያደንቀውምም ብሎ ነበር። አይገባውም! የልጁን ስም ድንጋይ ላይ ማየት የማይገባው እናት የትኛዋ ናት? ኮሚሽኑ ይቅርታ ጠየቀ። ዜናው ለአንድ ሁለት ቀን ወጣ። ከዚያ ኖቬምበር መጣ፤ አገሩም ማን ደረቱ ባዶ እንደሆነ ወደ መፈለጉ ተመለሰ። በ1941 ጣልያንን ከአገራችን ለማስወጣት ከአርበኞቻችን ጎን የዘመቱት «እንግሊዞች» ብዙዎቹ የናይጄሪያ፣ የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና)፣ የኬንያ፣ የሱዳንና የሕንድ ልጆች ነበሩ። ያ ባልደረባዬ አንዱንም አያውቅም። የእኔን ኮት ግን ያውቃል።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን።

የእኛም ሰው አልተኛም። ዜግነት ሊጠይቅ ወረቀት ያስገባው ወንድማችን ከሁሉም ትልቋን ገዝቷል። ለማን መታሰቢያ ናት ብትሉት «ለንግሥቲቱ» ይላችኋል። ይቺን ፖፒ ጃንዋሪ ላይም አይቼበታለሁ፤ ቀጠሮው ተራዝሞበት ነው። ሌላው ደግሞ አላደርግም ባይ ነው። አለማድረግ መብቱ ነው። ችግሩ ግን አለማድረጉን ካላያችሁለት ይከፋዋል። «ለምን እንደማላደርግ ታውቃለህ?» ብሎ የለንደን ባቡር ላይ ከሰቨን ሲስተርስ የጀመረው ገለጻ ብሪክስተን ስትወርዱ ገና እንግሊዝ ከቻይና ጋር የተዋጋችው የኦፒየም ጦርነት ላይ ነው። ነጩን የሚያደርጉም አሉ። በ1933 የጀመሩት ሴቶች ናቸው፤ ባል፣ ወንድም፣ ልጅ የበላ ጦርነት አይደገም ብለው። ዛሬ ነጯን ሰክቶ በቀዮቹ ላይ ከንፈሩን የሚመጥ አለ። የሰላም ሰው ነው፣ ግን ዓይኑ ይዋጋል። ለእንስሳት ሐምራዊ፣ ለጥቁሮች ጥቁር ፖፒም አለ። ሁሉንም በአንዴ ደረቱ ላይ የደረደረ ገና አላየሁም። ይመጣል።

ባለፈው ሱፐርማርኬት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሜዳሊያቸውን አድርገዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎላቸዋል። ፊታቸው የወረቀት ፖፒ የሞላበት ሣጥን አለ። ከ2023 ወዲህ ፕላስቲክ የሌላት፣ ሙሉ በሙሉ ወረቀት የሆነችው ናት። ሳንቲም የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ካርድ ማስነኪያም ቀርቧል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አንድ ጎልማሳ መጣ። ኮቱ ላይ ያችኛዋ አለች፤ ባለ ፈርጧ፣ መጥበሻዋ፣ ቅጠሏ ልክ 11 ላይ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ሣጥኑን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

ሰውዬው በኩራት ደረቱን መታ መታ አደረገ። «አመሰግናለሁ፣ እኔ አለኝ» አላቸውና ወደ ዳቦው አለፈ።